ፕላስቲክ ቄጤማ ላይ የተቀመጠ ምድጃ፦ ከሃሎጅን ነፃ ስለሆኑ እሳት ተከላካዮች

በጣና ዳርቻ ካሉት ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ ዙሪያችሁን ቃኙ። ከረከቦቱ ሥር የተነጠፈው አረንጓዴ ቄጤማ ከረግረግ የታጨደ ሳይሆን ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊኤትሊን የተሠራ ምንጣፍ ነው። የመስኮቱ መጋረጃ ፖሊስተር ነው። የወንበሩ ሙሌት የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ፣ ሽፋኑ ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ በግድግዳው ላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ ደግሞ ፒቪሲ ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል የከሰል ምድጃው ፍሙን ታቅፎ ተቀምጧል። ምድጃው ድሮም ነበረ፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው። እርጥብ ቄጤማ ላይ ፍም ቢወድቅ ሣሩ ከመያያዙ በፊት ውኃው ተንኖ ማለቅ ስላለበት ፍሙን አንሥቶ ለመጣል ጊዜ አለ። የፕላስቲኩ ቄጤማ አንዲት ጠብታ ውኃ የለውም። አንድ ኪሎ ፖሊኤትሊን ሲነድ የሚሰጠው ሙቀትም አንድ ኪሎ ላምባ ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ነው።

ለዚህ ችግር የፋብሪካዎች መልስ በፕላስቲኩ ወይም በጨርቁ ላይ እሳት ተከላካይ ንጥረ ነገር መጨመር ነው። ስሙ ትንሽ ያጋንናል፤ ፕላስቲክን ድንጋይ የሚያደርግ ኬሚካል የለም። ሥራው ትንሿ እሳት ትልቅ እንዳትሆን ማገድ፣ ይህ ካልተቻለም ሰው ልጁን አንሥቶ ከቤት የሚወጣበትን ደቂቃ ማትረፍ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ሥራ በዋናነት ሲሠሩ የቆዩት ብሮሚንና ክሎሪን የያዙ ውህዶች ናቸው። ሁለቱ ከፍሎሪንና ከአዮዲን ጋር ሃሎጅን የሚባል የንጥረ ነገር ቤተሰብ ናቸው። ዛሬ «ከሃሎጅን ነፃ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ገመድ፣ መጋረጃና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እየበዛ መጥቷል። ያ ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ከማንም በላይ ለእኛ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ዕቃ ካረጀ በኋላ ወይ ሜዳ ላይ ይቃጠላል፣ ወይ ጎርፍ ወደ ጣና ይወስደዋል።

በመጀመሪያ ፕላስቲክ እንዴት እንደሚነድ እንይ። የሚነደው ራሱ ጠጣሩ ቁስ አይደለም። ሙቀት ሲያገኘው ረጃጅሞቹ የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጣጠሱና ወደ ጋዝነት ይለወጣሉ፤ ጋዙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ነበልባል ይሆናል፤ ነበልባሉ ሙቀቱን መልሶ ለቁሱ ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ ጋዝ ይወጣል። ይህ ዑደት እስካልተሰበረ ድረስ እሳቱ ራሱን ይመግባል። እሳት ተከላካይ ሁሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ዑደቱን አንድ ቦታ ላይ ለመበጠስ የተዘጋጀ ነው። አንዳንዱ ቁሱን ያቀዘቅዛል፤ አንዳንዱ ጋዙን ያሳሳል፤ አንዳንዱ ነበልባሉ ውስጥ ገብቶ ኬሚካላዊ ሂደቱን ያስቆማል፤ አንዳንዱም በቁሱ ላይ ጥቁር የካርቦን ቅርፊት ሠርቶ ነዳጁንና ሙቀቱን ይለያያል።

ባለሙያዎች ቁሶችን ለማወዳደር የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ቁጥር አለ፦ ቁሱ ከተቀጣጠለ በኋላ መንደዱን ለመቀጠል አየሩ ቢያንስ ስንት በመቶ ኦክስጅን ሊኖረው ይገባል? የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህል አለው። ጥጥ 18 ገደማ ይበቃዋል፤ ፖሊፕሮፒሊንም ከዚያ አይርቅም፤ ስለዚህ ሁለቱም በቀላሉ ይነዳሉ። ፖሊስተር ከ20 እስከ 22 ስለሚፈልግ ድንበሩ ላይ የቆመ ነው። ሱፍ 25 ገደማ ይፈልጋል፤ የበግ ጠጉር ባና ክብሪት ሲነካው ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ጠጉር ሸትቶ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የፖሊስተሩን ቁጥር ከ21 አካባቢ ወደ 28 እና ከዚያ በላይ ማድረስ ከተቻለ ክብሪት ወይም ጧፍ ብቻውን መጋረጃውን ይዞት አይሄድም።

ብሮሚንና ክሎሪን የሚሠሩት ነበልባሉ ውስጥ ገብተው ነው። ነበልባል የሚቀጥለው እጅግ ንቁ በሆኑ የሃይድሮጅንና የሃይድሮክሲል ቁርጥራጮች አማካኝነት ነው፤ ከሞቀው ፕላስቲክ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብሮማይድ እነዚህን እየያዘ ያደነዝዛቸዋል። አንቲሞኒ ትሪኦክሳይድ የሚባል ረዳት ሲታከልበት ጥቂቱ ብዙ ይሠራል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ለብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ይሆናል፤ የፕላስቲኩንም ጥንካሬ ብዙ አይጎዳም። ኢንዱስትሪው የወደደው በምክንያት ነበር።

ዕዳው የመጣው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በእሳቱ ሰዓት የሚከፈል ነው። ሂደቱ መሐል ላይ ስለሚቋረጥ ጋዙ በደንብ ሳይነድ ይቀርና ጥቁር ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። ሃይድሮጅን ክሎራይዱና ሃይድሮጅን ብሮማይዱ ደግሞ የዓይንንና የሳንባን እርጥበት ሲያገኙ አሲድ ይሆናሉ። ንጹሕ ፒቪሲ ከክብደቱ 57 በመቶው ክሎሪን ነው። በጭስ በታፈነ ደረጃ ላይ መውጫውን የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መግለጥ ካልቻለ የነበልባሉ መዘግየት ብዙም አይረባውም። ሁለተኛው ዕዳ እሳት ባይነሣም የሚከፈል ነው። ብዙዎቹ የብሮሚን ውህዶች ከፕላስቲኩ ጋር የተቀላቀሉ እንጂ በኬሚካል የተሳሰሩ ስላልሆኑ በዓመታት ውስጥ እየለቀቁ የቤት አቧራ ውስጥ ይገባሉ። በቀላሉ አይበሰብሱም፤ በእንስሳትና በሰው ስብ ውስጥም ይከማቻሉ።

ይህ የላቦራቶሪ ስጋት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ፖሊብሮሚኔትድ ባይፊኒል የተባለ እሳት ተከላካይ በስህተት ከከብት መኖ ጋር ተቀላቀለ፤ ሊጨመር የታሰበው ማግኒዥየም ኦክሳይድ ነበር። ላሞቹ ታመሙ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ተገድለው ተቀበሩ። መርዙ ግን ቀድሞ በወተቱ፣ በቅቤውና በሥጋው ወደ ሚሊዮኖች ገበታ ደርሶ ነበር፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላም በነዋሪዎች ደም ውስጥ ሲገኝ ቆይቷል። በ1977 ደግሞ አርሊን ብለምና ብሩስ ኤምስ የተባሉ ሳይንቲስቶች በሕፃናት የሌሊት ልብስ ላይ ይጨመር የነበረው «ትሪስ» የተባለ የብሮሚን ውህድ ዘረ መልን የሚለውጥ መሆኑን አሳወቁ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከሕፃናት ልብስ ታገደ። ቦታውን የያዘው ክሎሪን ያለበት ወንድሙ ነበር። እሱም ብዙ ሳይቆይ በተመሳሳይ ምክንያት ከልብሱ ወጣ፤ በሶፋ ስፖንጅ ውስጥ ግን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆየ። ከዚህ ታሪክ የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ የአንዱ ጥፋት ከታወቀ በኋላ ሌላውን ያው ቤተሰብ በሌላ በር ማስገባት።

ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት እነዚህን ውህዶች አንድ በአንድ እየመዘገበ መጥቷል። በ2009 ፔንታና ኦክታ የሚባሉት የብሮሞዳይፊኒል ኤተር ድብልቆች፣ በ2013 ለሙቀት መከላከያ ፎም በብዛት ያገለግል የነበረው ሄክሳብሮሞሳይክሎዶዴኬን፣ በ2017 ዴካብሮሞዳይፊኒል ኤተር፣ በ2023 ክሎሪን ያለው ዴክሎሬን ፕላስ ገቡበት። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ነገር ግን ውህዱ ስለታገደ ዕቃው አይጠፋም። አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ የአሮጌ መኪና መቀመጫ ይዞት ይመጣል።

እዚህ ላይ የቆራሌውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። ቆራሌው ከፈረሰ ቤት የወጣ ገመድ ይገዛል፤ የሚፈልገው መዳቡን ስለሆነ ልባሱን ሜዳ ላይ ያቃጥለዋል። ክሎሪን፣ ካርቦንና መዳብ በእንዲህ ዓይነት ደካማና ጭሳማ እሳት ውስጥ ሲገናኙ ዳዮክሲን የሚባሉ ከታወቁት መርዞች ሁሉ ክፉዎች ውስጥ የሚመደቡ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ መዳቡ ራሱ ሂደቱን ያፋጥነዋል። በበለጸጉ አገሮች ይህ ገመድ ቢቃጠል በአብዛኛው የሚቃጠለው ሙቀቱ ከፍተኛ በሆነና የጭስ ማጣሪያ ባለው ምድጃ ነው። እኛ ዘንድ ጭሱ እሳቱን የሚቆሰቁሰው ወጣት ሳንባ ውስጥ፣ አመዱ በክረምቱ ጎርፍ ቦይ ውስጥ ይገባል። ጣና ደግሞ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ ወደ 9 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በስብ የሚሟሙ ውህዶች ከደለል ጋር ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ከደለሉ ነፍሳት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሰው የሚሄዱበት መንገድም አጭር ነው። ማጣሪያ ባለበት አገር ከሃሎጅን ነፃ መሆን በእሳት ቀን የሚታይ ጥቅም ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ግን ዕቃው በሚጣልበት ቀንም ሁለተኛ ጥቅም አለው።

ታዲያ በሃሎጅኑ ቦታ ምን ይግባ? ብዙውን ሸክም የተሸከመው ፎስፎረስ ነው፤ ዋነኛ ሥራውንም ከሰል የሚያከስል ሰው ወዲያው ይረዳዋል። እንጨት በገላጣ ቢነድ አመድ ይሆናል፤ አፈር ተመልሶበት ቢታፈን ግን ከሰል ሆኖ ይቀራል። ፎስፎረስ ጨርቁ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ወደ ጋዝነት ሊለወጥ የነበረውን ካርቦን እዚያው ጠጣር አድርጎ ያስቀረዋል። ከሰል የሆነው ክፍል ለነበልባሉ የሚሰጠው ጋዝ የለም፤ በላዩ የተሠራው ቅርፊትም ከሥር ያለውን ጨርቅ ከሙቀት ይጋርዳል።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፎገራና የደምቢያ አርሶ አደር ለረጅም ዓመታት ሲዘራበት የኖረው ዳፕ ማዳበሪያ ዳይአሞኒየም ፎስፌት ነው፤ ይህ ጨው ለጥጥ ጨርቅ ከታወቁት እሳት ተከላካዮች አንዱ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌ-ሉሳክ በ1821 ስለ ቴአትር ቤት ጨርቆች ሲመራመር ካቀረባቸው ጨዎች መካከል የአሞኒየም ፎስፌትና ቦራክስ ይገኙባቸዋል። ሁለት የአቡጀዲ ቁራጮች ውሰዱ። አንዱን ንጹሕ ዳይአሞኒየም ፎስፌት በአንድ ሊትር ውኃ መቶ ግራም ገደማ በሟሟበት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በደንብ አድርቁት። ያልተነከረው ቁራጭ ክብሪት ሲነካው ነበልባሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጥበታል፤ ነበልባሉ ከጠፋም በኋላ ቀይ ፍም ክሩን ተከትሎ እየበላ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ትንፋሽ የሚበትነው ግራጫ አመድ ነው። የተነከረው ግን ክብሪቱ በነካው ቦታ ብቻ ይጠቁርና ክብሪቱ ሲነሣ ይጠፋል። የጠቆረውን ቦታ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ድሩና ማጉ ሳይፈርስ ከሰል ሆኖ ይታያል። ሙቀቱ አሞኒያውን አስወጥቶ ፎስፎሪክ አሲድ ቀርቷል፤ አሲዱ ደግሞ ከጥጡ ሞለኪውል ሃይድሮጅኑንና ኦክስጅኑን በውኃ መልክ አውጥቶ ካርቦኑን ብቻ አስቀርቷል።

የዚህ ዘዴ ድካም አንድ እጥበት ነው። ጨው ስለሆነ በውኃ ይሄዳል። ጨርቁን አጥቦ ማስጣት የሚያውቅ ቤት ሁሉ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ የተራ አቡጀዲ ባለቤት ይሆናል። ለማይታጠብ ነገር፣ ለምሳሌ ለድንኳን ማስጌጫ ወይም ለመድረክ መጋረጃ፣ ጥሩ ነው፤ ለልብስና ለአልጋ ልብስ አይሆንም። ከማዳበሪያ ከረጢት በቀጥታ የሚወጣውም ሌላ ቆሻሻ ስላለበት ጨርቁን ያበላሸዋል።

ፖሊስተር ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። መጋረጃው ከውኃ ፕላስቲክ ጠርሙሱ ጋር አንድ ቁስ ነው፤ ሁለቱም ፖሊኤትሊን ቴሬፍታሌት ናቸው። ይህ ቁስ ውኃ አይጠጣም፤ ጨው አይዝም፤ ከ255 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ጥጥን ወደ ከሰል የሚለውጠው ዘዴ እሱ ላይ ብዙ አይሠራም። ስለዚህ ፎስፎረሱን ወደ ፖሊስተር ለማስገባት ሦስት መንገዶች ተገኝተዋል፤ ገዢው ሊለያቸው የሚገባውም እነዚህን ነው። አንደኛው፣ ተሸምኖ ያለቀውን ጨርቅ የፎስፎኔት ውህድ ባለበት ውኃ ነክሮ፣ አድርቆ፣ ከ190 እስከ 200 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ማሳለፍ ነው፤ ክሩ በሙቀቱ ላላ ሲል ውህዱ ውስጡ ገብቶ ይቀመጣል፣ ብዙ እጥበትም ይችላል። ሁለተኛው ክሩ ከመፈተሉ በፊት ውህዱን ከቀለጠው ፖሊስተር ጋር መቀላቀል ነው። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉም የምመርጠው፣ ፎስፎረሱን የሞለኪውሉ ሰንሰለት አንድ ቀለበት አድርጎ መሥራት ነው። ፖሊስተሩ በፋብሪካ ሲፈጠር ፎስፎረስ ያለው አሲድ አብሮ ይገባና የክሩ አካል ይሆናል። የሚያስፈልገው የፎስፎረስ መጠን ከክብደቱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በእጥበት አይሄድም፤ በአቧራ አይወጣም፤ መጋረጃው እስካለ ድረስ አለ። ይህ ዓይነቱ ክር ለሆቴልና ለሆስፒታል መጋረጃ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲመረት ቆይቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቀጭን ፖሊስተር እሳት ሲነካው ከእሳቱ ይሸሻል፤ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል። ጠብታው ሙቀቱን ይዞ ስለሚወርድ ጨርቁ ላይ ያለው ነበልባል ይጠፋል፤ አንዳንዱ የፎስፎረስ ዘዴም በከፊል የሚሠራው ይህን ማቅለጥ በማገዝ ነው። ለመስኮት መጋረጃ ይህ መልካም ነው። ልጅ ላይ ላለ ቀሚስ ግን የቀለጠው ፖሊስተር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ክፉ ቁስል ያደርሳል፤ ከሥሩ ደረቅ የፕላስቲክ ቄጤማ ከተነጠፈም የሚነድ ጠብታ አዲስ እሳት ያስነሣል። ከሁሉ የከፋው ግን የጥጥና የፖሊስተር ድብልቅ ነው። ከጥጡ የሚገኘው ከሰል ቀጥ ብሎ ስለሚቆም የቀለጠው ፖሊስተር የሚሸሽበት አጥቶ እሱ ላይ ተይዞ ይነዳል። ብዙው የአልጋ ልብሳችንና የደንብ ልብሳችን ድብልቅ ነው። «ግማሹ ጥጥ ነው፣ አይዞህ» የሚል ባለሱቅ ስለ ምቾት እውነቱን ነው፤ ስለ እሳት ግን ተሳስቷል።

ሌሎቹ ፕላስቲኮች ላይ ያለው ዋና ሕግ ሙቀት ከሙቀት ጋር መግጠም ነው። እሳት ተከላካዩ ፕላስቲኩ መበጣጠስ በሚጀምርበት ጊዜ ሥራ መጀመር አለበት። ከዚያ ቀድሞ ከጀመረ ፋብሪካው ውስጥ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ያልቃል፤ ከዘገየም ቤቱ ይነዳል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ሁለት ነጫጭ የማዕድን ዱቄቶች ናቸው። አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በውስጡ የታሰረውን ውኃ ይለቃል፤ ከመቶ ኪሎው ወደ 35 ኪሎ የሚጠጋው ውኃ ነው። ውኃው ሲወጣ ሙቀት ይጠጣል፤ እንፋሎቱ ጋዙን ያሳሳል፤ የሚቀረው ኦክሳይድ ደግሞ ጋሻ ይሆናል። ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ያንኑ ሥራ ከ300 ዲግሪ በላይ ይሠራል። ፖሊስተር የሚፈተለው 280 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ እዚያ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ውኃውን ማሽኑ ውስጥ በጨረሰ ነበር፤ ለፖሊኤትሊን ገመድ ግን ተስማሚ ነው። ሁለቱም መርዝ አይደሉም፤ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ለጨጓራ አሲድ ማስታገሻ መድኃኒት ሆኖ ይዋጣል። ዋጋቸው በሌላ በኩል ይከፈላል፦ ገመዱ ከሃምሳ እስከ ስድሳ በመቶ ድረስ ዱቄት መሆን ስላለበት ይከብዳል፣ ይደርቃል፣ ሲተጣጠፍም ከፒቪሲ ይልቅ ቶሎ ይሰነጠቃል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ለናይሎን ሶኬትና ማብሪያ ሜላሚን ሳያኑሬት፣ ለመስታወት ክር የተጠናከሩ የኤሌክትሪክ ክፍሎች አልሙኒየም ዳይኢቲልፎስፊኔት፣ ለፍራሽና ለወንበር ስፖንጅ ሙቀት ሲነካው የሚያብጥ ግራፋይት፣ ለፖሊፕሮፒሊንና ለብረት ምሰሶ ቀለም ደግሞ አሞኒየም ፖሊፎስፌት የሚመራው የሚያብጥ ድብልቅ ይውላሉ።

ሕንፃዎቻችን ላይ ያለውን ግን መዝለል አልችልም። በከተማችን አዳዲስ ፎቆች ፊት ላይ የሚለጠፈው አብረቅራቂ የአልሙኒየም ልባስ ሁለት ስስ የአልሙኒየም ገጾች በመሐላቸው ጠጣር ሙሌት ይዘው የተሠራ ነው። ሙሌቱ ተራ ፖሊኤትሊን ሊሆን ይችላል፤ ሰባ በመቶ ገደማው ማዕድን የሆነም አለ፤ ከዘጠና በመቶ በላይ ማዕድን የሆነም አለ። ከፊት ሲታዩ ሦስቱን የሚለያቸው የለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በለንደን ግሬንፌል ታወር 72 ሰዎች የሞቱበት እሳት በሕንፃው ፊት ሽቅብ የሮጠው በዋናነት በፖሊኤትሊን ሙሌት ባለው ልባስ አማካኝነት ነው። ልባሱ ከመለጠፉ በፊት ጫፉ ሲቆረጥ መሐሉን ማየት ይቻላል፤ ባለቤቱ ከአስመጪው የሙሌቱን ዓይነት በጽሑፍ ሊጠይቅ የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው።

«ከሃሎጅን ነፃ» ተብሎ የተሸጠ ገመድ በእርግጥ ነፃ መሆኑን በቤት ማየት ይቻላል። ልባሱ የተላጠ የመዳብ ሽቦ በፒንሳ ይዛችሁ፣ በገላጣ ቦታ፣ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ በቡታጋዝ ሰማያዊ ነበልባል ላይ ቀለም እስካይሰጥ አግሉት። የጋለውን ጫፍ ከገመዱ ልባስ ጋር አንካኩትና ሰናፍጭ የምታህል ቅንጣት ስትይዝ ወደ ነበልባሉ መልሱት። ነበልባሉ ጥርት ያለ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን ወይም ብሮሚን አለበት። ዘዴው መጠኑን አይነግርም፤ ፍሎሪንንም አያሳይም፤ ነገር ግን ፒቪሲን ከማዕድን ከተሞላ ፖሊኤትሊን ለመለየት ይበቃል።

ፍሎሪንን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ የተለመደው መለኪያ አንድን ቁስ «ከሃሎጅን ነፃ» የሚለው ከቁሱ ሚሊዮን እጅ ውስጥ ክሎሪኑ ከ900፣ ብሮሚኑ ከ900፣ ድምሩም ከ1,500 እጅ በታች ሲሆን ነው። ፍሎሪን አይቆጠርም። ብዙ እንዲህ ያሉ ፕላስቲኮች ደግሞ እንዳይንጠባጠቡ ጥቂት ቴፍሎን ይጨመርባቸዋል፤ ቴፍሎን የፍሎሪን ውህድ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የሚናገረው ስለሁለት ንጥረ ነገሮች እንጂ ስለቤተሰቡ ሁሉ አይደለም። ፎስፎረስ መሆኑም በራሱ የንጽሕና ማረጋገጫ አይሆንም። ትራይ-ኦርቶ-ክሬሲል ፎስፌት ሃሎጅን የለውም፤ ነገር ግን በ1930 አሜሪካ ውስጥ ከመጠጥ ጋር ተቀላቅሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እግር ሽባ አድርጓል። በፕላስቲክ ላይ በብዛት የሚውለውን ትራይፊኒል ፎስፌትንም የአውሮፓ ኅብረት በ2024 በሆርሞን ላይ በሚያደርሰው ተጽዕኖ ምክንያት ከአሳሳቢ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር አስገብቶታል። ከዚህ የተነሣ ከስሙ ይልቅ አያያዙን እመለከታለሁ፤ በሰንሰለቱ ውስጥ የተሠራ ወይም የማይሟሟ ማዕድን የሆነ ይሻላል፤ ትንሽና ተንሸራታች ሞለኪውል የሆነ ያሳስበኛል።

ለጣና የተለየ አንድ ጥንቃቄም አለ። ፎስፎረስ ማዳበሪያ ነው፤ ለበቆሎ የሚጠቅመው ለእምቦጭም ይጠቅማል። በእጥበት የሚለቅ የፎስፌት ጨው በብዛት ተጠቅሞ የእጥበቱን ውኃ ወደ ሐይቁ መልቀቅ ለአረሙ ቀለብ መስፈር ነው። አንድ ቡና ቤት መጋረጃውን ቢነክር ከእርሻው ማዳበሪያ አንጻር ኢምንት ነው፤ የማጠናቀቂያ ፋብሪካ ቢያደርገው ግን ፍሳሹ መታከም አለበት።

ስለ ገዳማቱም አንድ ነገር ልበል። በዘጌ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ዛሬ ምእመናን በስለት የሚያስገቡት ከፋይ መጋረጃና ስጋጃ ግን በአብዛኛው ፖሊስተርና ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ጧፉ ደግሞ እንደ ጥንቱ ይበራል። በአሮጌው ሥዕል ላይ ማንኛውንም እሳት ተከላካይ ጨው መርጨት ፈጽሞ አይገባም፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ቀለሙንም ያስለቅቃል። መለወጥ ያለበት አዲሱ ጨርቅ ነው። ስለት ያለበት ሰው የሱፍ ምንጣፍ ወይም እሳት የሚችል ክር ያለው መጋረጃ ቢያስገባ፣ ጧፍ የሚበራበትም ቦታ ከመጋረጃው ቢርቅ፣ ሥዕሎቹን ከኬሚካል ሁሉ በላይ ይጠብቃቸዋል።

ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት ማደሪያና ለሆስፒታል ዕቃ የሚገዙ ሰዎች ደግሞ የጨረታ ሰነድ በእጃቸው ነው። «ጥራት ያለው መጋረጃ» ብሎ መጻፍ ምንም አይከለክልም። «ፎስፎረስ በክሩ ውስጥ የተሠራበት ፖሊስተር፣ የጀርመኑን ቢ1 ወይም የአሜሪካውን ኤንኤፍፒኤ 701 ፈተና ከታጠበ በኋላ ያለፈ» ብሎ መጻፍ ግን አስመጪውን ያስገድዳል። ለሶኬትና ለማከፋፈያ ሳጥን ዩኤል 94 በተባለው ፈተና ቪ-0 ደረጃ ይጠየቅ፤ በዚህ ፈተና ናሙናው ሁለት ጊዜ ለአሥር አሥር ሴኮንድ ነበልባል ይነካውና እያንዳንዱ ጊዜ ከአሥር ሴኮንድ በላይ ሳይነድ፣ የሚነድ ጠብታም ሳይጥል መጥፋት አለበት። ቪ-2 የተባለው ግን የሚነድ ጠብታ ይፈቀድለታል፤ ቁጥሩ ሲያድግ የተሻለ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጨርቃጨርቅ በሙያ የሚጠናበት ኢንስቲትዩት በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስላለ የጨርቁን ናሙና በባለሙያ ማስመርመር የሚቻልበትን መንገድ መጠየቅም ይቻላል። በጀቱ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከሃሎጅን ነፃ የሆነው ገመድ ይቅደም፤ መጋረጃ በአምስት ዓመት ይቀየራል፣ ገመድ ግን ግድግዳ ውስጥ ብዙ አሥርት ዓመታት ይቀመጣል፣ ሲወጣም ቀድሞ የሚያገኘው የቆራሌውን እሳት ነው።